ያልጠማው ተክል

እጇን እስከ አንጓዋ አፈሩ ውስጥ ስታስገባ መጀመሪያ የመጣባት ሽታው ነው። የተዘጋ የዕቃ ማጠቢያ ቱቦ ሽታ። እጇን አውጥታ ጭቃውን በሽርጧ ጠረገችና የተክሉን መትከያ አቅፋ ለማንሳት ሞከረች። ንቅንቅ አላለም። አፈሩ ደረቅ በነበረ ጊዜ ብቻዋን ከመስኮት ወደ ግድግዳ የምታዛውረው ዕቃ ዛሬ እንደ ካዝና ከብዷል።

ተክል ተንከባካቢዋ በዚህ ባለ ስድስት ፎቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ አርባ ሦስት መትከያዎች አሏት። አርባ ሁለቱ ደህና ናቸው። የታመመው አንዱ ነው፤ እሱም ከሁሉ መርጦ የሥራ አስኪያጁ የሟች እናት ተክል። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት በሳሎናቸው ሲያሳድጉት ኖረው ሲሞቱ፣ ወንድምና እህቶቹ ቤቱን ከነዕቃው ሲካፈሉ እሱ ይህን መትከያ አቅፎ ወጣ ይባላል፤ አሁን ቢሮው መስኮት አጠገብ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ በጨርቅ ሲወለወል ፊት የሚያሳይ ነበር። አሁን የታችኞቹ ቢጫ ሆነው ረግፈዋል፣ የመካከለኞቹ ጫፋቸው አርሯል፣ የላይኞቹ ደግሞ ውሃ እንዳጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል።

ያላወቀ ሰው ቢያየው "ኧረ ጠምቶታል!" ብሎ ባልዲ ሙሉ ይደፋበታል። የዚህ በሽታ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ውሃ ያጣ ተክልና ውሃ የበዛበት ተክል ከላይ ሲያዩአቸው ፊታቸው አንድ ነው። ሥሩ ከበሰበሰ መሳብ አይችልም፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማዋል። ልዩነቱን የሚናገሩት ጣት፣ ክብደትና ሽታ ናቸው። እሷ ሦስቱንም ጠየቀቻቸው፤ ሦስቱም አንድ ቃል ሰጧት።

መትከያውን በጎኑ አስተኝታ ግንዱን ቀስ አድርጋ ሳበችው። ነጭና ጠንካራ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል፤ በጣቷ ስትነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጩ ተገፎ እጇ ላይ ቀረ። በመትከያው አፍ ዙሪያ ነጭ ነገር እንደ ጨው ተጋግሯል። አፈሩን ገለጥ ስታደርግ ሰማያዊ የማዳበሪያ ፍሬዎች አገኘች። አንድ ሁለት ፍሬ ቢሆን ባልከፋ፤ እፍኝ ሙሉ ነው፣ ገና እንኳ አልሟሟም።

ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ይህን ተክል ካጠጣች ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው።

በሩ ጀርባ የተለጠፈው ቅጽ ግን እንዲህ አይልም። ቅጹ በየቀኑ ውሃ፣ በየሳምንቱ ማዳበሪያ ይላል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥም የእሷ ፊርማ አለ፣ አንድም ቀን ሳይጎድል። ቅጹን የፈለሰፈችው ታላቅ እህቷ ናት። እትዬ በዚህ መሥሪያ ቤት የጽዳት ክፍል ኃላፊ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ እንግዳ የደረቀ ቅጠል አይቶ ነገር ካነሳ ወዲህ፣ ሠራተኞቼን ማንም ሰነፍ እንዳይልብኝ ብላ ወረቀት አሰመረች። ያልተፈረመበት ሣጥን ያልተሠራ ቀን ሆነ። ተክል ደግሞ ወረቀት አያነብም፤ ሲጠማው ይጠማዋል፣ ሳይጠማው ሲሰጡት ይታመማል።

ከስድስት ሳምንት በፊት በየፎቁ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ "እትዬ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ይጠጣ" ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ነበር። ሁለቴም "ሲደርቅማ አይተው ነው ሰነፍ የሚሉሽ" የሚል መልስ አገኘች። ከእህቷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነውና፣ ብዙ ሠራተኛ የሚያደርገውን አደረገች፦ ፈረመች፣ ግን አላጠጣችም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አርባ ሁለቱ አገገሙ። ይህኛው ባሰበት።

እንግዲህ ለአርባ ሁለቱ መድኃኒት የሆነ ነገር ለአንዱ ብቻ መርዝ ሊሆን አይችልም። ሌላ እጅ አለበት። የማዳበሪያው ከረጢት ያለበት ክፍል ቁልፍ የሚውለው በአንድ ሰው አንገት ላይ ነው። የሥራ አስኪያጁን ክፍልም ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይመጣ የምታጸዳው ያቺው ሰው ናት፤ ለሌላ አታምንም። ተንከባካቢዋ ሥሩን ወደ ቦታው መልሳ፣ አፈሩን ጠቅጠቅ አድርጋ ወረደች።

እህቷ ምድር ቤት ባለው ዕቃ ክፍል የሳሙና ካርቶን ትደረድራለች።

"እትዬ፣ የሥራ አስኪያጁን ተክል የሚያጠጣው ማን ነው?"

"አንቺ ነሻ። ፈርመሽ የለ?"

"እኔ አላጠጣሁትም።"

"አውቃለሁ" አለች እህቷ፤ ካርቶኑን አስቀመጠች። "በሩን ዝጊው መጀመሪያ።"

ዘጋችው።

"አንድ ቀን ጠዋት ጣቴን ብሰድ አፈሩ አቧራ ሆኗል። ቅጹን ባይ ፊርማሽ እዚያ ጉብ ብሏል። ሰውዬው ያን ቀን እዚህ ቢኖርስ? የእናቱ ተክል እኮ ነው! በውሸት ፈረመች ብሎ በዚያው ያሰናብትሽ ነበር። ምን ላድርግ ታዲያ? ሸፈንኩልሽ። በየጠዋቱ አጠጣሁልሽ።"

"ማዳበሪያውስ?"

"ቢጫ ሲሆንብኝ ጊዜ ምግብ ያነሰው መስሎኝ ጨመር አደረግሁለት። ሲብስበት ደግሞ ጨመር።"

"እፍኝ ሙሉ ነው እኮ! ሥሩን እኮ አቃጠልሽው!"

"ምግብ የሚገድለው ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሚጡ።"

ሚጡ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ስሙ የወጣላት እናታቸው ስትሞት፣ በዘጠኝ ዓመቷ እህቷ ቤት የገባች ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሷ አደገች እንጂ ስሙ አላደገም። ጠዋት የምትቀሰቅሳት እህቷ ናት። ልብሷን የምትተኩስላት፣ ለዚህ ሥራ ያስገባቻት፣ ሁለት ጊዜ ሊያገባት የጠየቀውን አናጢ "አይሆንሽም" ብላ የሸኘችው፣ ምሳ ዕቃዋን ክዳኑ እስኪያቅተው ሞልታ በላስቲክ የምታስረው እህቷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቆጣት እንኳ ከባድ ነው። ቁጣው ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች።

"አንቺስ አላጠጣም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሻለሁ። ሁለት ጊዜ።"

"እኔም መልሼልሻለሁ።" እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አሁን ስሚኝ። ሰውዬው በአራት ሰዓት ከመንገድ ይገባል። እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም። ለጡረታዬ የቀረኝ ሁለት ዓመት ነው። 'እያወቀች የሐሰት ፊርማ ሸፈነች' ተብሎ ፋይሌ ውስጥ እንዲገባ ትፈልጊያለሽ? አንቺስ ከዚህ ወጥተሽ የት ልትገቢ ነው?"

የት ትገባለች? ሥራው የእህቷ፣ ቤቱ የእህቷ፣ ውሸቱ እንኳ ሳይቀር የሁለቱም ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ብትናገር እህቷን ትጥላለች፤ ዝም ብትል ተክሉ ይሞታል፣ ጥፋቱም በፊርማዋ ይወጣል። ወደ ላይ ስትወጣ ደረጃው ሁሉ አንድ ዓይነት መሰላት።

ሥራ አስኪያጁ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ መስኮቱ ሄደ። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ቅጠል በሁለት ጣቱ ሲነካ ቅጠሉ ተቀንጥሶ መዳፉ ላይ ቀረ። እህትማማቾቹ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ አንደኛዋ እጇን አጣምራ፣ ሌላይቱ ጭቃ ያለበትን ሽርጧን ሸፍና።

"እናቴ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ 'ደህና ነው?' የምትለኝ ስለዚህ ነበር" አለ ቅጠሉን እያየ። ቀጥሎ ቅጹን ከበሩ ነቅሎ አነበበ። "በየቀኑ ጠጥቷል። ማዳበሪያም አግኝቷል። ሁሉም ተፈርሟል። ታዲያ ምን ጎደለው?"

"የአየር ማቀዝቀዣው ነው" አለች እህቷ፣ እሳት ቢያቃጥላት የማይንቀጠቀጥ ድምፅ አላት። "አየሩን ያደርቀዋል። እንደ ወትሮው በቀን አንዴ አልበቃውም። ጠዋት እኔ፣ ማታ እሷ ብናጠጣው ይመለሳል። ማዳበሪያውንም እናጠናክርለታለን።"

"እርስዎ ካሉ ይሁን። እናንተ ታውቃላችሁ።"

ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። እህቷ ውሃ ማጠጫውን አስቀድማ ሞልታ በሩ ስር አስቀምጣው ኖሯል። አነሳችና ዘረጋችላት።

"ያዢ፣ ሚጡ። አሁኑኑ ጀምሪለት።"

ተቀበለች። አምስት ሊትር ውሃ ክንዷን ወደ ታች ይስበዋል። ሁለቱም ያዩአታል። ማጠጫውን ዘንበል ለማድረግ ሁለት ጣት ይበቃል፤ ከዚያ ሁሉም ሰላም ይሆናል፤ ተክሉ በሳምንቱ ይሞታል፣ ማቀዝቀዣው ይወቀሳል። የማስመሰል ማጠጣት ብታጠጣስ? ነገ ጎህ ሲቀድ እህቷ ትሞላዋለች። ፊርማ ሽፋን፣ ሽፋን ፊርማ እየወለደ የዛሬ ሦስት ሳምንት የነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ። የቱጋ ነው መውጫው? ፈልጋ ፈልጋ አንድ ብቻ አገኘች፤ እሱም የሚያስፈራ ነው።

ማጠጫውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

"አላጠጣም" አለች።

"ምን አልሽ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ጠምቶት አይደለም። ጠግቦ ነው የሚሞተው። እጅዎን ያስገቡ፤ ግድ የለም፣ እስከ ታች።"

እህቷ "ሚጡ!" አለች። ሰውዬው ግን የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ጣቱን አስገባ፣ አወጣ፣ አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ።

"ከሃያ ሁለት ቀን ወዲህ ያለው ፊርማ ውሸት ነው" አለች። "ውሃ በዝቶበት ስለነበር ማጠጣት ትቼ ነበር። ትቻለሁ ማለት ስለፈራሁ ፈረምኩ።"

"ማጠጣት ከተውሽ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?"

እህቷ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በእጇ ጨብጣለች። "እኔው ነኝ" ማለት ለሚጡ ቀላል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱም ሌላ የውሸት ፊርማ ይሆናል። ነገ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ሽፋን ይፈለግለታል።

"እህቴ ናት" አለች። "እኔን ልታድን ብላ።"

ሰውዬው ጣቱን በመሐረቡ ሲጠርግ ቆየና፣ "ይተርፋል?" አለ።

"የበሰበሰውን ሥር ቆርጬ፣ በአዲስ አፈር ልትከለው። ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ ማንም ካልነካው፣ ምናልባት።"

"ማንም?"

"ማንም። እርስዎም ቢሆኑ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ሥሪው። የቅጹን ነገር አስተዳደሩ ያየዋል። ደብዳቤ ይደርሳችኋል፤ ለሁለታችሁም" አለና ሻንጣውን አነሳ።

ሥሩን በመቀስ ስትቆራርጥ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየች። ከጭብጥ የማይበልጥ ነጭ ሥር ተረፈ። አዲሱን አፈር ሞልታ ሳታጠጣው መስኮቱ አጠገብ አቆመችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ማታ በአንድ አውቶቡስ፣ ወደ አንድ ቤት ነው የሚሄዱት። አንዲት ቃል በመናገሯ ከዚያ ቤት አልወጣችም፤ ቤቱ ብቻ ጠበበ።

ምሳ ሰዓት ዕቃ ክፍሉ ገባች። እህቷ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

"እጄ አመድ አፋሽ ነው" አለች እህቷ። "አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ በሰው ፊት ጣት ተቀሰረብኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እሰማ ነበር።"

"እትዬ፣ ልጎዳሽ ብዬ አይደለም።"

"እኔስ ልጎዳው ብዬ ነው ያጠጣሁት?"

እህቷ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ከዚያ ከልማዷ የሚያስቆማት ነገር የለምና ምሳ ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርዳ ላስቲኩን ፈታችው። ሩዙና ድንቹ ክዳኑን ተከትሎ ተነሳ።

"ብዪ። ጠዋትም ምንም አልቀመስሽም።"

ማንኪያውን ተቀበለች። ርቧት ነበር፤ በላች። ሃያ አምስት ዓመት ይህን ዕቃ ባዶ ሳታደርግ መልሳ አታውቅም፤ ሆዷ ቢነፋም፣ ቢያማትም፣ ታችው እስኪታይ ትበላ ነበር፤ የተረፈ ካለ እህቷ ማታ ፊቷን ታጠቁራለችና። አሁንም ከፊቷ ተቀምጣ ማንኪያው ስንት ጊዜ እንደወረደ እየተከተለች ነው።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ሆዷ በቃኝ አለ። ማንኪያው በአየር ላይ ቆየ።

"ምነው? አልጣመሽም?" አለች እህቷ። "ጨምሪ እንጂ።"

"ጥሞኛል።" ማንኪያውን አስቀመጠች፣ ክዳኑን ከደነች፣ ላስቲኩን ሁለት ጊዜ ጠመጠመችበት። ዕቃውን ቀስ አድርጋ ወደ እህቷ ገፋችው።

"ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።"