የሙሽራው አፍንጫ

ሙሽራውን የውሃ ምርመራ ክፍሉ ባልደረቦቹ «ጓንቴ» ያሉት ያለምክንያት አልነበረም። ሰው ገና በሩን ሲከፍት ከሰላምታው በፊት «ጓንትህስ?» ይላል።

በሠርጉ ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻውን የጉድጓድ ውሃ ጨው ይለካ ነበር። ቢጫ ጠቋሚ ቀለም በጨመረበት ውሃ ላይ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ውሃው የሸክላ መልክ ሲይዝ ያቆማል። እስከዚያ የፈሰሰው መጠን የጨውን ልክ ይነግረዋል። ሚዜው የሚሆነው ባልደረባው የመድኃኒቱን ቡናማ ጠርሙስ መስኮት ዳር ቢያስቀምጥበት፣ መድኃኒቱን ብርሃን እንደሚያበላሸው፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ትራፊውም ማጠቢያው ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በተዘጋጀለት ዕቃ እንደሚገለበጥ ያስረዳው ጀመር። እያስረዳ ሳለ ከመነጽሩ ሥር አፍንጫውን በላው። በጓንቱ ጣት እከክ አደረገው።

ጓንቱን የነካው ፈሳሽ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ የሚጠቁረው ብርሃን ሲያገኘው ቀስ ብሎ ነው። ማንም ምንም አላየም።

ጠዋት መስታወት ፊት ሲቆም የአፍንጫው ጫፍ ጥቀርሻ መስሏል። እናቱ በሳሙና ልትፈትገው ያዘችው፤ ቆዳው ራሱ ካልተቀየረ እንደማይለቅ፣ ፍተጋው ትርፉ ማቁሰል መሆኑን ነግሮ በልመና አስጣላት። ሚዜው መጥቶ ሲያየው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

«ጓንት አድርጌ ነበር እኮ» አለ ሙሽራው።

«ልክ ነህ። ያላደረገው አፍንጫህ ነው።»

ከአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል የጠበቀችው ሙሽሪት በሙያዋ ሙሽራ ኳይ፣ የሙሽሮች አስዋቢ ናት። ያላትን ዱቄት ሁሉ ደራርባ ቀባችው፤ ጥቁሩ ግን ከሥር እያየ አሾፈባት። አዳራሹ ውስጥ ስንት ዘመን በጓንት ያሰለቻቸው ባልደረቦቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ሙሽራው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሠርጉ ያለ ፎቶ ይለፍ አለ። እሷ ደግሞ ለዚያ ፎቶ ነበር ወራት ሙሉ የተጨነቀችው።

የቅንድብ እርሳሷን አንስታ የራሷን አፍንጫ ጫፍ አጠቆረች።

«ምነው ልጄ!» አለች እናቱ።

«በል እንግዲህ» አለችው ሙሽሪት፤ «ተነስ። እንዲህ ሆኜማ ብቻዬን አልገባም።»

ተነሣ። ሚዜው ወሬውን አስቀድሞ አድርሶት ኖሮ፣ የምርመራ ክፍሉ ሰዎች እስከ ክንዳቸው ጓንት አጥልቀው እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው። ፎቶ አንሺው ግራ ገብቶት አፍንጫቸውን እንዲጠርጉበት መሀረብ ዘረጋላቸው።

ሙሽራው አፉን ሳይከፍት ሙሽሪት ቀደመችው።

«አይፈተግም» አለች፤ «ያቆስላል።»