አማርኛ የተከለከለበት ቴፕ

አምሳለ ዓመት ሙሉ ዝም ብላለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! አምሳለ ማለት የፋብሪካ ስልክ ኦፕሬተር ናት። ከጠዋት እስከ ማታ «ሃሎ፣ ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ስትል የምትውል፣ ላፍቶ ከቤቷ ወጥታ ታክሲ እስክትይዝ ድረስ ሰባት ሰው የምታናግር ሴት ናት። እሷን ዝም ማሰኘት ማን ችሎ! ግን የመካኒሳው የክላሲካል ሙዚቃ አድማጮች ማኅበር ሕግ ነውና ቻለችው።

ማኅበር ስላችሁ ትልቅ ነገር አታስቡ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ከበበው፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ያሕያ እና የጭነት መኪና ሹፌሩ ዱጉማ ናቸው፤ በቃ፣ ሦስት ሰው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከበበው ሳሎን ይሰበሰባሉ። አንዱ የሚወደውን ካሴት ያመጣል፤ የማን ድርሰት እንደሆነ እንዳይታወቅ ጽሑፉ ላይ የቁስል ፕላስተር ይለጠፍበታል። ተደምጦ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው! ያሕያ ለፒያኖ ይሞታል። ዱጉማ ጥሩምባ ካልሰማ ሙዚቃው የተጀመረ አይመስለውም። መጨረሻ ላይ ጋሽ ከበበው በዚያ የሚኮሩበት ወፍራም ድምፃቸው ፍርድ ይሰጣሉ፤ ፍርዱም ደብተር ላይ ይሰፍራል። «ይሄ የኦርኬስትራ መሪ ይቸኩላል፤ ባቡር ሊያመልጠው ነው እንዴ?» ካሉ አለቀለት፣ ካሴቱ ከቁም ሣጥን ይባረራል።

አባል መሆን የሚፈልግ ሰው አንድ ዓመት በዝምታ ያደምጣል። በዓመቱ የራሱን ካሴት ያቀርባል፤ ከመደመጡ በፊትም ምን እንደሚሰማ በገዛ አንደበቱ ይናገራል። ከዚያ እጅ ይወጣል። አንድ እጅ ከጎደለ ደህና ሰንብት ነው፣ ሁለተኛ ዕድል ብሎ ነገር የለም። አምና አንድ ምስኪን የባንክ ሠራተኛ «በጣም ቆንጆ ሙዚቃ ነው» ከማለት በቀር የሚለው ቢያጣ፣ እንደወጣ ቀረ።

አምሳለ ደግሞ ይሄን ማኅበር እንዴት እንደፈለገችው! በሠላሳ አራት ዓመት ዕድሜዋ ሙዚቃ ሲያስለቅሳት «ምነው፣ አሞሻል?» የማይላት ሰው ያገኘችው እዚህ ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው። ከዚህ ብትባረር ወዴት ትሂድ?

በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተራዋ ደረሰ። ካሴቱን ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የቼክ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ነው የተወላት። ቤቷ ባለችው ትንሽ ቴፕ ሁለት መቶ ጊዜ ሰምታዋለች ብል አላጋነንኩም። የዚያን ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ ሆና ስታዜም አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ቦርሳቸውን አቅፈው ወደ መስኮቱ ጥግት አሉ። እሷ ምን ገዷት!

«እሺ፣ ተናገሪ» አሉ ጋሽ ከበበው።

አምሳለ ተነሣች። «ቫዮሊን ነው፣ ብቻውን። ይሄን የደረሰው ሰው እናቱን ቀብሮ የተመለሰ ለት ይመስለኛል። እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ቦታ አለ… እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ።»

ያሕያ ገና ከአሁኑ መሐረቡን አወጣ። ጋሽ ከበበው ያንን ባለ ግርማ የጀርመን ቴፓቸውን ተጫኑት።

ወይ ጉድ! ቫዮሊኑ ሆዬ እየፈነጠዘ ብቅ አይል መሰላችሁ! ለቅሶ የተባለው ጭፈራ ሆኖ ቁጭ አለ። እግሩን ይጎትታል የተባለው ሰውዬ ይዘላል። የዱጉማ ትከሻ ሳያስበው መነቃነቅ ጀመረ። ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ቦታ ሲደርስማ ስቅ ያለው ሰው ነው የሚመስለው። ያሕያ መሐረቡን አፉ ውስጥ ወተፈው።

አምሳለ በቁሟ ደረቀች። ዜማው ያው የምታውቀው ነው፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል፣ ይጣደፋል። እሷ እኮ የድምፅ ሰው ናት! ስልክ ላይ «አለቃ ነኝ» ብሎ የሚዋሸውን በአንድ ቃል የምትለይ።

ካሴቱ አለቀ። ጋሽ ከበበው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቱን የቀበረ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሲድር ምን ሊሆን ነው? እንግዲህ እጅ…»

«ቆይ ጋሼ!» አለች አምሳለ፤ ልቧ በአፏ ልትወጣ ደርሳለች። «የእርስዎ ቴፕ ይሮጣል።»

ምን ድፍረት ነው! የጀርመኑን ቴፕ! ከሞዛርትና ከቤትሆቨን በቀር ማንም ያልተሰማበትን! ጋሽ ከበበው «ጆሮውን ያበላሽብኛል» ብለው ዜናም ሆነ ዘፈን፣ አንድ የአማርኛ ካሴት አስገብተውበት አያውቁም።

«ምን አልሽ?»

«የምናውቀው ሰው ድምፅ ገብቶበት ያውቃል? እስቲ የምናውቀው ሰው የተናገረበት ካሴት አምጡልኝና እንየው። ካልሮጠ እኔው ራሴ እወጣለሁ።»

መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው። የጋሽ ከበበው ባለቤት እትዬ በቀለች እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ፤ ከቡፌው መሳቢያ አንድ ካሴት መዘዙ። «የልጃችን የሜሪ ሠርግ ነው። ከበበው ንግግር ያደረገበት። እኔ በዚያች በጓዳዋ ቴፕ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ።»

«በቀለች፣ አይሆንም!» አሉ ጋሽ ከበበው። እትዬ በቀለች ግን አስገብተውት አረፉት።

«የተከበራችሁ እንግዶቻችን!» አለ ቴፑ፣ በጠጅ የሰከረች ጫጩት በሚመስል ቀጭን ድምፅ። «በእኔና በባለቤቴ ስም…»

በቃ፣ ያ ቤት ፈረሰ! ያሕያ ከሶፋው ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ዱጉማ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ «ጫጩት! ኧረ ጫጩት!» ይላል። እትዬ በቀለች በሽርጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። አምሳለም ሳቋ እያመለጣት አንድ ዓይኗን ግን ከጋሽ ከበበው አልነቀለችም። እሳቸው አልሳቁም። ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ይገልጣሉ። ገደልኳቸው፣ አለች በልቧ። አዋርጃቸው እንዴት እጃቸውን ያወጡልኛል?

ዱጉማ ሹፌር አይደል፣ ኪሱ ፒንሳና መፍቻ አያጣም። ቴፑን ገልብጦ ከፈተው። «ይቺ ሞተሩ ላይ ያለችው ብሎን ናት ፍጥነቱን የምትይዘው። ተዛንፋ ኖራለች። እትዬ በቀለች፣ እርስዎ ያድምጡና የራሱ ድምፅ ሲሆን ይንገሩኝ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብታዩ! ዱጉማ ብሎኗን ፀጉር ታህል ያዞራል፣ እትዬ በቀለች ዓይናቸውን ጨፍነው ይመራሉ። «አሁንም ልጅ ነው… ትንሽ ጨምር… ኧረ አበዛኸው፣ አሁን በሬ ሆነ! መልስ፣ መልስ… ያዝ! እሱ ነው! ጠዋት ጠዋት ‹ሸሚዜስ?› እያለ የሚጮኸው እሱ ራሱ ነው!»

የአምሳለን ካሴት እንደገና አስገቡት።

ቫዮሊኑ አልጨፈረም፤ አላለቀሰምም። ብዙ ያየ ሰው ቀና ብሎ፣ በገዛ እርምጃው መንገድ ሲሄድ ይመስላል። ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ለካ ቆም ብሎ ዞር ማለቱ ኖሯል። ማንም አልተነቃነቀም። ካሴቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ አምሳለ ዞሩ። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልሆነላትም።

«የእኔም ቴፕ ይጎትታል ማለት ነው» አለች። «እናቱን አልቀበረም። ተሳስቻለሁ።»

ጋሽ ከበበው ደብተሩን ዘጉ። «በዚህ ደብተር ውስጥ ስንት ሰው ‹ቸኳይ› ብዬ አባርሬያለሁ?»

«ሠላሳ ስምንት» አለ ያሕያ።

«አንዳቸውም አልቸኮሉም?»

«የቸኮልነው እኛ ነን ጋሼ።»

የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አምሳለ ማልቀሳቸው ነው ብላ ደነገጠች። የእሳቸው ግን ሳቅ ነው፣ ያ ወፍራም ሳቅ፣ መስታወቱን የሚያንቀጠቅጥ። «ስምንት ዓመት! እናንተ ልጆች፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ልንሰማው ነው እኮ! ሁሉንም! አንድም አልሰማንም!» ብለው ብድግ አሉ፤ ቀኝ እጃቸውንም እስከ ጣራው ሰቀሉት። ያሕያ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አወጣ። ዱጉማ መፍቻውን እንደያዘ አወጣ። እትዬ በቀለች አባል አይደሉም፤ እሳቸውም አወጡ።

አምሳለም አወጣች።

«ለራስ እጅ አይወጣም!» አለ ያሕያ እየሳቀ።

አምሳለ አላወረደችም፤ ሌላኛውንም እጇን ጨመረችበት።