ቤቱን ማን ይጠብቅ

ቶርኬል ባርኔጣውን አውልቆ ከሬሳ ሣጥኑ ትይዩ ሲቀመጥ የለቀስተኛው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ሮዛሊያ ዳቦ መቁረሷን ትታ አየችው።

«ያጽናሽ» አላት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እሱ ኖርዌጂያዊ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ እንደ እሷ ቼኮች ናቸው።

«ለቅሶ ሊደርስ ነው ወይስ ቤት ሊለካ?» አለች አንዲት ጎረቤት።

ሮዛሊያ አልሳቀችም። ዛሬ ሁሉም የባሏን የማቶውሽን ሬሳ ተከትሎ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በዚህ የነብራስካ ሜዳ ደግሞ ሰው የሌለበትን ቤት ቀድሞ የገባ ይወስደዋል። እሷና ማቶውሽም የገቡት እንዲሁ ነበር።

ከቺካጎ ብረት ማቅለጫ እሳት ሸሽተው ወደ ምዕራብ ሲመጡ፣ ይህን የአፈር ቤት ክፍቱን አገኙት። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። «ጥለውት ሄደዋል፣ የኛ ነው» አለ ማቶውሽ። በማግስቱ ባለቤቱ ቶርኬል ሚስቱን ቀብሮ ተመለሰ። ማቶውሽ ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የታመመ ጥጃ አቅፎ የሚያድር ሰው ያን ዕለት ጨከነ። ቶርኬል ፈረሱን አዙሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማቶውሽ ከቤቱ ውጭ አድሮ አያውቅም፤ ለፋሲካ እንኳ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም።

«ተነሺ፣ ጋሪው ደርሷል» አለቻት አማቷ አፖሌና።

«እኔ እቀራለሁ፣ እማማ።»

«ባሏን የማትቀብር ሚስት! ሰው ምን ይለናል?»

«ቤቱንስ ማን ይጠብቅ?»

በዚህ መሃል አዛውንቱ ሃቬል ከሣጥኑ ራስጌ ቆሙ። ሬሳ ከመነሳቱ በፊት በሟቹ ስም ይቅርታ መጠየቅ የቼኮቹ ወግ ነው።

«ጎረቤቶቼ፣ እኔ ማቶውሽ በቃልም በሥራም በድያችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለ ሰው ሁሉ። ቶርኬል ቋንቋውን ስለማያውቅ ዝም አለ።

ሮዛሊያ ጭንቅ ያዛት። የተባለውን ለቶርኬል ብትተረጉምለት፣ ቤቱ የሱ እንደነበር በሰው ፊት ማመኗ ነው። ዝም ብትል ማቶውሽ በደሉን ተሸክሞ ይቀበራል። ወደ ቶርኬል ዞራ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ይቅርታ እየጠየቀዎት ነው። ስለዚህ ቤት።»

ቶርኬል ቀና አለ። «እሱ ነው ያለው ወይስ አንቺ?»

«እሱማ ምን አፍ አለው። እኔ ነኝ።»

 ወንዶቹ መንገድ ሊዘጉበት አንድ በአንድ ወደ በሩ ተጠጉ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ እስክትወጡ ጠብቄ ልገባበት ነበር የመጣሁት» አለ ቶርኬል። «ከቀብር ስትመለሺ ከገዛ ቤትሽ የሌላ ሰው ጭስ ሲወጣ ማየት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አትወቂው። ይቅር ማለቱ ገና አልሆነልኝም።» ተነሳና የሣጥኑን አንድ ጫፍ ያዘ። «ነይ፣ ባልሽን ቅበሪ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ እዚያው ዓይንሽ ሥር እሆናለሁ።»

ወንዶቹ ከበሩ ተመለሱ። ሣጥኑን አንስተው ጋሪው ላይ ጫኑት።

ጋሪው ሲንቀሳቀስ አፖሌና ዘወር ዘወር እያለች ቤቱን አየች። ሮዛሊያ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ጉንጯን የባሏ ሣጥን ላይ አሳረፈች።