በባቡሩ መሃል የተቀመጠችው ሴት

ሬጉላ ስትገባ የዕለቱ አሥራ አራተኛ ተፈታኝ ነበረች። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከፊዚክስ መምህሩ ከፕሮፌሰር ሊኒገር ጎን ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። በቃል ፈተና ሁለተኛ ሰው ተቀምጦ የተባለውን ጽፎ ካልፈረመ ውጤቱ አይጸናም፤ የእኛ አገር ሰው ወረቀት ካላየ አያምንም። እጄ ዝሏል፣ ወገቤ ተቆርጧል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር የቀራቸው ፕሮፌሰርም የሚጠይቁት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

ሬጉላ ባለፈው ዓመት ወድቃለች። ዛሬም ደግማ ከወደቀች ትምህርቱ ቀረባት፤ ሕጉ ሦስተኛ ዕድል አያውቅም። የተማረችው ከበርን ከተማ ወደ ቱን በሚመላለሰው ባቡር ትኬት እየተቆጣጠረች ነው።

«መብረቅ የባቡሩን ፊትና ጅራት መታ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሐዲዱ ዳር የቆመው ሰው ሁለቱም እኩል ወደቁ ይላል። ባቡሩ መሃል የተቀመጠችው ሴትስ?»

«የፊተኛው ቀደመ ትላለች።»

«ለምን?»

ሃያ ዓመት ሲጠብቁት የኖሩት መልስ አንድ ነው፤ ወደ ፊተኛው ብርሃን እየገሰገሰች ስለሆነ። ድሮ በዚህ ጥያቄ ላይ ረጅም ክርክር ይወዱ ነበር አሉ። ድካም እየከረከመው ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረች።

«እሷ የትም አልሄደችም» አለች ሬጉላ።

ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን ገለጡ። «ባቡሩ እየበረረ?»

«የሚበረው ለእርስዎ ነው፤ ሐዲዱ ዳር ቆመዋላ! እሷ ወንበሯ ላይ ናት። መብረቆቹ ያጠቆሯቸው ሁለቱ ጫፎች ከእሷ እኩል ይርቃሉ፣ የብርሃን ፍጥነትም ለእሷ ያው ነው። የፊተኛው ቀድሞ ከደረሳት ቀድሞ ወድቋል ማለት ነው። ዓይኗ አላታለላትም።»

«ትኬት መብሳት መሰለሽ እንዴ? እኩል ወደቁ ተብሏል እኮ!»

«ማን ነው ያለው? ሐዲዱ ዳር ያለው ሰውዬ! እሱም ልክ ነው፣ እሷም ልክ ናት።»

«በቃ፣ ውጪ ጠብቂ።»

በሩ ሲዘጋ «ወድቃለች» አሉኝ። «ጻፍና ፈርም።»

አሥራ አንድ ዓመት እሺ ብዬ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ግን ታከተኝ፤ ድፍረቱም የመጣው ከመታከቱ ሳይሆን አይቀርም። ያለችውን አንድም ሳላስቀር ጽፌ፣ ሳልፈርም ገፋሁላቸው።

«እስቲ ያንብቡት።»

አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ተነሥተው ሰሌዳው ላይ ባቡሩንና ሐዲዱን ሣሉ፤ ከዚያ ሐዲዱን በመዳፋቸው ደመሰሱት።

«ልክ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ስንቱን ጥዬበታለሁ?»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ኡርስ? መጀመሪያ ስትፈተን ወድቀህ ነበር። ምን ብለህ ነው?»

«እሷ ያለችውን።»

«በሁለተኛውስ?»

«እርስዎ የሚፈልጉትን።»

«እና ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ…» አልጨረሱትም። አፈርኩ። እሳቸው ደክመው ረሱት፤ እኔ እያወቅኩ ፈረምኩ።

ወጥቼ «አልፈሻል» አልኳት። ሬጉላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

ፕሮፌሰሩ አሥራ አምስተኛውን ተፈታኝ አላስገቡም። «የድሮዎቹን ቃለ ጉባኤዎች አምጣልኝ» አሉ። ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ቆለልኳቸው። አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር። በየገጹ ግርጌ፣ ከእሳቸው ስም ቀጥሎ፣ ፊርማዬ አለ።