ስልሳ ሦስት ደረጃ

አናጢው የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ሳለ ጀልበኛው ከኋላው መጥተው ቆሙ። ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አናጢው ቀና ሳይል፣ «ምነው አባባ፣ ጠመመብዎት እንዴ?» አላቸው።

«መጥመሙንስ አልጠመመም» አሉ ሽማግሌው። «እንዲያው ይሄን የመሰለ ሥራ ለዓሣ መሥራትህ ገርሞኝ ነው።»

«የምን ዓሣ?»

«ነገ ማታ እዚህ ላይ የሚሄድ ሌላ ምን አለና?»

አናጢው ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ከፊቱ የተዘረጋው ከጀልባ መውረጃው እስከ ኮኮናት ዛፎቹ ጥላ የሚደርስ የጣውላ መንገድ ነው። አሥራ አንድ ክፍል አለው። እያንዳንዱ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፤ በግራና በቀኝ ጎማ እንዳያመልጥ አራት ጣት የሚያህል ጠርዝ። ሁለት ወር ሙሉ ከደንበኛ ሥራ ሰዓት እየሸረፈ የሠራው ነው። ሚስቱ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ጎማ አሸዋ ላይ ይሰምጣል፤ ጣውላ ላይ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ልጃቸው ለሠርጓ ይህን የባሕር ዳርቻ የመረጠችው ለፎቶ ብላ አይደለም። ከተማው ውስጥ ያየቻቸው አዳራሾች ሁሉ ደረጃ አላቸው፤ ሊፍት አለው የተባለው ደግሞ ሊፍቱ ከቆመ ዓመት አልፎታል። «እማዬ ደረጃ የማታይበት ቦታ» ብላ ፈልጋ ፈልጋ ይህን አገኘች። ሁለት የድንጋይ ክንዶች ከግራና ከቀኝ አቅፈውታል። ነፋስ አያገኘውም፣ ማዕበል አይደርስበትም፤ ውሃው ሳህን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። መንገድ የለውም፤ የሚገባበት በጀልባ ብቻ ነው።

«እዚህ ማዕበል አይገባም ብለውኝ አልነበር?»

«ማዕበል አይገባም። ውሃ ግን ይገባል።» ሽማግሌው በመቅዘፊያቸው ወደ ድንጋዩ ጠቆሙ። ከሰው ወገብ ከፍ ብሎ ጥቁር መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ በታች ጥቃቅን ዛጎል ተለጥፎበታል፣ ከላይ ነጭና ደረቅ ነው። «ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው እዚያ ድረስ ነው። ሁልጊዜ።»

«እኔ ስለካው እኮ አርባ እርምጃ ደረቅ አሸዋ ነበረ!»

«ጨረቃዋ እንዴት ነበረች?»

አናጢው አሰበ። «ግማሽ።»

«በል እንግዲህ።»

«ታዲያ ጠዋት ጣውላውን በሦስት ምልልስ ሲያመጡልኝ ምነው ዝም አሉኝ?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ጫኑ አልከኝ፣ ጫንኩ። ለጀልባ መጎተቻ መስሎኝ ነበር። ወንበሩ ሲደረደር ነው የገባኝ።»

ሰፈሩ አናጢውን «ሜትር» ነው የሚለው። መለኪያው ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም፤ ሚስቱንም ያጫት ቁመቷን ለክቶ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ የሚቆርጥ ሰው ነው። አሁንም ሽማግሌውን ከማመኑ በፊት ሲባጎ አወጣ። አንዱን ጫፍ ጥቁሩ መስመር ላይ አስያዘ፣ ሌላውን ወደ ዛፎቹ ወጠረ፣ መሀሉ ላይ ውሃ ልኩን አንጠለጠለ። ሲባጎው ከጣውላው መንገድ በላይ፣ ከጉልበቱም በላይ አለፈና የተደረደሩትን ነጫጭ ወንበሮች መቀመጫ ነካ። ደገመው። ያው ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነበር። ሙሉ ጨረቃን የመረጠው እሱ ራሱ ነው። ልጁ ሦስት ቅዳሜዎች ስትጠቁም፣ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አይቶ፣ «ይቺኛዋ ትሁን፤ ስንመለስ የእናትሽ ጎማ ጠርዝ እንዳይስት ብርሃን ይኖረናል» አላት። «አባዬ፣ አንተም ለካ ሮማንቲክ ነህ!» ብላ ስቃበት ነበር።

የሠርጉ አዘጋጅ፣ ጫማዋን በእጇ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት፣ ሲባጎውን አይታ መጣች። «ጋሼ፣ ፊትዎ ምን ሆነ? አመመዎት?»

ነገራት። ሲባጎውን አየች፣ ወንበሮቹን አየች፣ ትንፋሿን ለቀቀች።

«እንኳን ዛሬ ታወቀ! ሙሽራዋ ቃል ስትገባ ዓሣ እግሯን ቢስማትስ ኖሮ? አይጨነቁ፣ ሌላ ቦታ ይዘናል።» ወደ ላይ ጠቆመች። ድንጋዩ አናት ላይ ሣር ክዳን ያለው ሰፊ በረንዳ ተቀምጧል። «ዝናብ ቢመጣ ብለን ነበር። ጀልባዎቹ ደረጃው ሥር ድረስ ይጠጋሉ፤ እንግዳው ጫማው ሳይረጥብ ይወጣል።»

«ደረጃው ስንት ነው?»

«ብዙም አይደል። ሃያ... ሠላሳ?»

ሄዶ ቆጠረው። ስልሳ ሦስት ነው። ከድንጋይ የተፈለፈለ፣ ወርዱ ከአንድ ሰው ትከሻ ብዙም የማይተርፍ፣ ሦስት ቦታ የሚጠማዘዝ። የበረንዳው ዙሪያ ገደል ነው፤ ሌላ መውጫ የለውም። ሲወርድም ቆጠረው።

«አራት ጎረምሶች አሉኝ» አለችው። «ባለቤትዎን እንደ እንቁላል አድርገው ነው የሚያወጧቸው።»

«ሰው አይሸከማትም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ለአንድ ቀን...»

«እሺ አትልም፣ ልጄ።»

ከሁለት ዓመት በፊት የታመመች ዕለት ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሦስተኛ ፎቅ አወረዷት። መሀል ደረጃ ላይ ብርድ ልብሱ ተከፈተ። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ልጆች ያስተማረች ሴት ናት፤ ግማሹ ሰፈር፣ ተማሪዎቿም ጭምር፣ እዚያው ቆመው አዩ። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ምድር ቤት ተከራዩ። «ከእንግዲህ ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው» ትላለች። «እሱንም ቢሆን እኔ አላየውም።» ቀልድ አስመስላ ነው የምትለው፤ ቀልድ እንዳልሆነ እሱ ያውቃል።

አዘጋጇ ክፉ ሰው አልነበረችም። ዛፍ ሥር ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትደውል ቆየች። ሠርጉ ውሃው ወደሚሸሽበት ወደ ቀትር እንዳይዞር፣ የሙሽራው ቤተሰቦች የተሳፈሩባት መርከብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትደርስም። ቀኑ እንዳይገፋ፣ አጋቢው በማግስቱ ሌላ ከተማ ቀጠሮ አለው፤ እንግዳውም በሰኞ ሥራ ገቢ ነው። ሌላ ዳርቻ እንዳይፈለግ፣ ሌላው ሁሉ ማዕበል ይገባዋል። ከእያንዳንዱ ስልክ በኋላ ቀና ብላ ታየውና ራሷን ትነቀንቃለች። በኋላ መነቅነቁንም ተወችው።

«መንግሥት ቢሆን ይለመናል» አሉ ጀልበኛው። «ይሄ ባሕር ነው።»

ልጁ ስልኩን ያነሳችው ልብስ ሰፊዋ ቤት ሆና ነበር። «አባዬ፣ ዙሪያዬን መርፌ ተሰክቶብኛል፣ ቶሎ በል!»

ነገራት።

«ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አላት።

«ተው እንጂ፣ አባዬ።» ድምጿ ተሰበረ። «ልሰርዘው?»

«ሰዎቹ መርከብ ላይ ናቸው እኮ።»

«ልሰርዘው ወይ ነው የምልህ። ቦታውን የመረጥኩት ለማን ብዬ ነው?»

ለጣውላ ቢሆን መልስ ነበረው፤ ያጠረው ይቀጠላል፣ የረዘመው ይቆረጣል። «እናትሽን ልጠይቃት» ብሎ ዘጋው።

ለሚስቱ ሲደውልላት እህቷ ጥፍሯን እየቀባቻት ነበር። ሲነግራት አላቋረጠችውም።

«ይቺ ጨረቃ» አለች በመጨረሻ፣ «ያንተ ጨረቃ ናት አይደል?»

«የኔ ናት።»

«ምድር ላይ መሄድ ያቃተኝን ሴትዮ በጨረቃ ልታስኬደኝ!» ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ። «ደረጃው ስንት ነው?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ደግመህ ቆጥረኸዋል?»

«ስወርድም።»

እህቷ «ምንድነው? ምን ተፈጠረ?» ስትል ከወዲያ ይሰማዋል። ምናልባት ለአንድ ልጇ ስትል፣ ለዚህች ለአንድ ቀን... ሊለምናት አፉን ከፈተ። ብርድ ልብሱ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው።

«ጀልባው ውስጥ እሆናለሁ» አለች። «ደረጃው ሥር። ልጄ ከመውጣቷ በፊት ትስመኛለች። ላይ የሚባለውንም እሰማለሁ፤ ጆሮዬ እንኳ አልከዳኝም።»

«እሜቴ...»

«አንተ ግን እጇን ይዘህ ትወጣለህ። እናቷ ቀርታባት ደግሞ አባቷ አይቀርባትም። ብትሰርዘው እቀየማታለሁ፣ በላት። ሰማኸኝ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ሰምቻለሁ።»

ለልጁ ደውሎ የእናቷን ቃል እንዳለ ነገራት። ልጅቱ አለቀሰች እንጂ አልተከራከረችም፤ የእናቷን «እቀየማለሁ» ታውቀዋለች።

ከዚያ ደረጃው ሥር ወደታሰረችው ጀልባ ገባና ነገ ወንበሯ በሚቆምበት ቦታ ተቀመጠ። ቀና አለ። የሣር ክዳኑ ጠርዝ ይታያል፣ አንድ የተንጠለጠለ መብራት ይታያል፤ ሌላ የለም። ላይ ያሉት ሠራተኞች ወንበር ሲጎትቱና ሲያወሩ ይሰማል፤ የሚሉት ግን አይለይም። ውሃው ድንጋዩን ላስ፣ ላስ ያደርጋል፤ ቃሉን የሚውጠው እሱ ነው።

«ውሃው ሲሞላ ጀልባዋ ከፍ ትላለች» አሉ ሽማግሌው ሊያጽናኑት።

«በስንት?»

«አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው።»

ሰባት ደረጃ ነው። ሃምሳ ስድስት ይቀራል። ይህንን ለሚስቱ ደውሎ አልነገራትም።

ወደ ጣውላው መንገድ ተመለሰ። ከአሥራ አንዱ ክፍል የመጀመሪያውን ነቅሎ ተሸከመና ወደ ጀልባዋ አመጣው። የጀልባዋ ወለል ጎድጎድ ያለ ነው፤ ተሽከርካሪው ወንበር እንዳይንሸራተት ደልዳላ ነገር ከሥሩ ይፈልጋል።

«ለአንድ ወንበር ሰባ ሳንቲ ወርድ ይበቃሃል» አሉ ጀልበኛው። «ከዚያ ካለፈ የፊተኛው መቀመጫዬ ሊነሳ ነው፤ እሱን ደግሞ አትንካብኝ፤ ከጀልባዋ ጋር አብሮ ያረጀ ነው።»

አናጢው ሜትሩን ከቀበቶው ፈትቶ ለካ። በወርዱ ሰባ ላይ በእርሳስ አሰመረ። መጋዙን አንሥቶ መስመሩ ላይ አሳረፈ። ጣውላውን አየው፤ ከመስመሩ ወዲያ የተረፈው አንድ ሰው ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ የሚቀመጥበት ነው። መጋዙን መልሶ አስቀመጠ።

«ምነው፣ አትቆርጠውም?»

«መቀመጫዎን ላስቸግርዎት ነው፣ አባባ። ነገ ማታ መልሼ አጠብቀዋለሁ።»

«ሌላው ቦታ ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«አንተ እላይ አይደለህ እንዴ? ልጅህን ማን ሊሰጣት?»

«አድርሻት እወርዳለሁ» አለና ካቻቢቴውን ይዞ የአሮጌውን መቀመጫ ብሎን ሊፈታ ጎንበስ አለ።