ከማሩ ኋላ ያለው ድምፅ

አዳነ የግቢውን በር ሲገፋ ዘፈኑ ቀጥ አለ። ሳሎን ሲገባ ሚስቱ ሐረገወይን ከሸክላ ማጫወቻው ራቅ ብላ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

“ምነው አጠፋሽው?”

“ራሴን አመመኝ።”

ትናንትም ራሷን አሟት ነበር፤ ከትናንት ወዲያም።

ማጫወቻውንና ሸክላውን ለጥምቀት ያመጣችላቸው ልጃቸው ሰርካለም ናት። የንጉሡ ዘመን ለስላሳ ዘፈኖች ተረስተው ከከረሙ በኋላ አሁን እንደገና እየታተሙ ነው፤ የአዲስ አበባ ወጣት ተሻምቶ ይገዛቸዋል አለች። የጎንደሩ ዘፋኝ የማሩ ሸክላም አንዱ ነው። ማሩ ከሞተ ቆይቷል። አዳነ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዘፈን ብዙም ግድ አይሰጠውም። ጎኑን የወጋው ግጥሙ ነው፦

ከቁስቋም ስትወርጂ ነጠላ ደርበሽ፣
ስንቱን አስቀረሽው ከመንገዱ ጠልፈሽ።

ሐረገወይን የቁስቋም ልጅ ናት። “ማሩን ታውቂው ነበር?” ቢላት፣ “በራዲዮ ነዋ፣ እንደ ሰው ሁሉ” አለችው። በራዲዮ የሰማ ሰው ታዲያ ስንኙ ሳይደርስ ከንፈሩ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል? ይህን ያየው ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ነው። በዚህ ዕድሜው በገዛ ቤቱ ማድባቱ አሳፈረው፤ ግን ጥርጣሬ እንደ ቁንጫ ነው፣ አንዴ ከገባ አያስተኛም።

በማግስቱ “ጋራዥ ደርሼ ልምጣ” ብሎ ከሚኖሩባት ከፀዳ ሚኒባስ ተሳፈረና ጎንደር አራዳ ወረደ። በላቸው ድሮ ከማሩ ጋር አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ ዛሬ በልጁ ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል።

“አያ በላቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ።”

“ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል።”

“ማሩ ያቺን ዘፈን ለማን ነው የዘፈናት? ለሐረገወይን አይደለም?”

በላቸው ከዘራውን መሬት ላይ ሲያሽከረክር ቆየ።

“ሸክላውን ሰምተኸዋል?”

“እስኪያንገሸግሸኝ።”

“ከማሩ ኋላ ሆና የምትቀበለውን ሴትስ?”

“ሰማኋት። እና?”

“የገዛ ሚስትህ ድምፅ ይጠፋሃል?”

አዳነ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

“ማሩ ዘፈኑን ለእጮኛው ነው ያወጣው፤ እሷም የቁስቋም ልጅ ነበረች” አለ በላቸው። “ሐረገወይን አክስቷ ዘንድ ሄደች ተብሎ አዲስ አበባ ድረስ አብራን ሄዳ ተቀዳች። ሁለተኛው ሸክላ የራሷ ሊሆን ነበር፤ ዘፈኑም ተጠንቶ አልቆ ነበር። ከዚያ አንተ ሽማግሌ ላክህ።”

“እኔ መቼ ከለከልኩ?”

“አባትህ ለሽማግሌዎቹ ‘ሌላው ይቅር፣ ዘፋኝ ብቻ አትሁን’ አሉ። አጠገባቸው ቆመህ ነበር። ምን አልክ?”

አዳነ ምንም አላለም ነበር።

“ወዳህ ነበርና ተወችው። እኛንም እንዳንናገር አስማለችን።”

ወደ ፀዳ ሲመለስ የመጣበትን ቁጣ ፈልጎ አጣው። በምትኩ ያገኘው ግን ከቁጣው ይከብድ ነበር።

“ጋራዥ እንዲህ ያቆያል?” አለችው ሐረገወይን።

“ጋራዥ አልሄድኩም። በላቸው ዘንድ ነበርኩ።”

“ምን አለህ?”

“ሁሉንም።”



“ምነው ትሰልለኛለህ? እኔን መጠየቅ አቃተህ?” አለች።

“ብጠይቅሽ በራዲዮ ነው አልሽኝ።”

“ዘንድሮ ነዋ የጠየቅኸኝ። መጠየቅስ ያኔ ነበር።”

አዳነ ከጎኗ ተቀመጠ።

“ያ ሁለተኛው ዘፈን፣ ያንቺው... ታስታውሺዋለሽ?”

“ምን ሊያደርግልህ?”

“ዝፈኚልኝ።”

“ድምፄ እኮ አርጅቷል።”

“ጆሮዬም አርጅቷል።”

ሳቋ አመለጣት። ቀና ብላ አየችው፤ የምሩን መሆኑን ስታውቅ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጭንና ሻካራ ነበር፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ መንገዱን አገኘ።

ከጎረቤት ግቢ የሴቶች ወሬ ይሰማል። አዳነ ብድግ ብሎ መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ። እጁን መዝጊያው ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም ወገን እስከ ጥጉ ከፈተው።