በኖራ የተሠመረው መሥሪያ ቤት

አርክቴክቷ የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን አዲስ ሕንፃ ስትነድፍ ሰባት ወር ከረመች። መንጃ ፈቃድ የሚወጣበት፣ ሰሌዳ የሚሰጥበት፣ መኪና የሚመረመርበት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። አለቆቹም ወደውታል። አስተያየት ያልሰጡት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ ስለኖሩ ሠራተኛው «ጋሽ ማህደር» ይላቸዋል።

ፕላኑን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

«ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ ለእኔ ይሄ የመስመር ጋጋታ ነው። በእግሬ ብሄድበት ነበር የሚገባኝ።»

«ያልተሠራ ቤት ውስጥ እንዴት ይኬዳል ጋሼ?»

«እሱን እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁ።

ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ቅዳሜ ቀያሽ የሆነውን ታላቅ ወንድሟን ይዛ ከአሮጌው ቢሮ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደች። ገመድ ወጥረው፣ ምድር ቤቱን በልኩ በኖራ አሠመሩት። በር የሚሆንበት ጋ ኖራው ይቋረጣል።

«ቤቱንስ አንቺ ትሠሪዋለሽ» አላት ወንድሟ ወደ ማታ ላይ፣ «የእኔን ወገብ ማን ይሠራልኛል?»

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ማህደር መጡ። ወሬውን የሰማ ሁሉ ተከትሏቸዋል፤ የመስኮት ሠራተኞች፣ ፈታኞች፣ ጥበቃዎች፣ ቢሮው እስኪከፈት ደጅ የቆሙ ባለጉዳዮች ሳይቀሩ። መቶ ሰው ይሆናል። አርክቴክቷ ኖራዬን ረግጠው አበላሹት ብላ ደነገጠች።

አንድም ሰው መስመር አልረገጠም። ሁሉም በበሩ ገቡ። ግድግዳ የሚሆንበት ጋ ሲደርሱ ዞሩ። የሰሌዳ ክፍሏ ሠራተኛ መስኮቷ ጋ ስትቆም፣ ማንም ሳያዝ ፊት ለፊቷ ሰልፍ ተሠራ። ውጪ ሲጯጯሁ የነበሩት ሹፌሮች እንኳ ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አርክቴክቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ጋሽ ማህደር ከፈተና ክፍሉ ጠሯት።

«ፈተና የወደቀው በየት ነው የሚወጣው?»

«በገባበት ነዋ።»

ወደ ሰልፉ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ይሄ ሁሉ ሰው እያየው? ትልቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል።»

ሰባት ወር ሙሉ ይህ አልታያትም ነበር። ተንበርክካ የክፍሉን የጓሮ ግድግዳ መስመር በመዳፏ ጠረገችና ከጀርባ ወዳሉት ዛፎች የሚያወጣ በር ከፈተች። ከሰልፉ አንዲት ሴት ወጥታ መጣች።

«ባለፈው ሳምንት ወድቄያለሁ» አለች፤ ቀና ብላም በዚያ በር ወጣች።

ሕንፃው በሁለተኛው ዓመት አለቀ። ከጓሮው በር ውጪ አግዳሚ ወንበር አለ፤ የወደቁት እዚያ ትንሽ አረፍ ብለው ሌላ ቀጠሮ ይዘው ይሄዳሉ። አርክቴክቷ ከዚያ ወዲህ ከእሱ የሚበልጡ ሕንፃዎች ነድፋለች። ስለዚያ ሰኞ ስታወራ ግን እስከ ዛሬ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።